የመርዶ ሰው ፍለጋ

እማማ በቀለች ልጃቸው ይሄነው ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ነበራቸው። ሰላምታው አልቆ፣ ጫማው ወልቆ፣ ቅቅል ድንች ከነሚጥሚጣው ቀርቦለት ገና አንዱን ሳይጎርስ ይጠይቁታል።

«እህ፣ አገኘህ?»

«ምኑን?»

«ሰው ነዋ!»

ሌላ እናት ብትሆን ይህ የሚስት ጥያቄ ይሆን ነበር። እማማ በቀለች ግን የሚስቱን ነገር ከተዉት ቆይተዋል። ልጁ አርባ ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ ስለ ጋብቻው ለታቦትም ለጎረቤትም ነግረው ጨርሰዋል። አሁን የሚፈልጉት ሌላ ሰው ነው። የመርዶ ሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ራቅ ብሎ የሚኖር ሰው እናቱ ወይ አባቱ ሲሞቱ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው አጠገቡ ላለ ሰው ነው። ያ ሰው ጎረቤት ይሰበስባል፣ ሽማግሌ ይጨምራል፤ ከዚያ ማለዳ ሄደው በሩን ያንኳኳሉ። አንዱ ይናገራል፣ የቀሩት ይይዙታል። ማንም ሐዘኑን ብቻውን ቆሞ እንዳይሰማ የተበጀ ሥርዓት ነው፤ አበጀሁ የሚል ሰው ባይኖርም ያበጀው ሰው ብልህ ነበር።

እማማ በቀለች ልባቸው መድከም ከጀመረ ወዲህ እንቅልፍ ያሳጣቸው ይኸው ነው። ሞቱን አይፈሩትም፤ ዕድሜዬን ጠግቤዋለሁ ባይ ናቸው። የሚፈሩት በጎረቤታቸው በወይዘሮ ሸጋ ልጅ ላይ የደረሰው በልጃቸው ላይ እንዳይደርስ ነው። የሸጋ ልጅ የአባቱን ሞት የሰማው ሰው አገር፣ መናኸሪያ ውስጥ፣ በስልክ ነው። አንድ ደንቆሮ ዘመድ ደውሎ «እግዜር ያጽናህ» አለው። ልጁ እዚያው ተዘረረ። ያነሳው አልነበረም፤ ሰካራም መስሏቸው እየተራመዱት አለፉ።

«ልጄን እየተራመዱት እንዲያልፉ አልፈልግም» ይላሉ እማማ በቀለች። «እንጅባራ ውስጥ አንድ ስም ስጠኝ። ማናለብሽ ደውላ ‹እንዲህ ሆነናልና ሂዱለት› የምትለው አንድ ሰው።»

ማናለብሽ ከእናቷ ጋር የምትኖረው ታላቅ እህቱ ናት። ስልኩ በእሷ እጅ ነው። የሚደወልለት ሰው ስም ግን ይሄነው ጋ አልነበረም።

ሰው ጠልቶ አይደለም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ዝምተኛ ነው፤ ሲናገርም ድምፁ ከአፉ ሳይወጣ የሚመለስ ይመስላል። እንጅባራ ዳር በሚገኝ አንድ ማሰልጠኛ ተቋም የኔትወርክ ባለሙያ ነው። የተከራየው ቤት አከራይ ፍኖተ ሰላም ነው የሚኖረው፤ በግቢው ያሉት ሌሎቹ ተከራዮች በየዓመቱ የሚቀያየሩ ተማሪዎች ናቸው። ለመድኳቸው ሲል ተመርቀው ይሄዳሉ። እና ደግሞ የእንጅባራን ብርድ አትርሱ። ጉሙ ከሰዓት በኋላ ሲወርድ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ይሰበሰባል፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ከማን ጋር ይሰበሰብ?

ትልቁ ጥፋት ግን ከሥራው ጠባይ የመጣ ነው። ኔትወርክ የሚባለው ነገር ሰው እየተጠቀመበት አይነካም። አንድ ሣጥን አጥፍተህ ስታበራ የስንቱ ሥራ ይቋረጣል፣ የስንቱ አፍ ይከፈታል። ስለዚህ ይሄነው ሰው የሌለበትን ሰዓት ይጠብቃል። ተቋሙ ደግሞ ጭር የሚለው ለቅሶ ሲኖር ነው። የአንዱ ሠራተኛ ዘመድ ሲሞት ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ መኪና ሞልቶ ይሄዳል። ያኔ ይሄነው መሰላሉን ይሸከማል።

አምስት ዓመት እንዲህ ሆነ። እሱ ለመሥሪያ ቤቱ ያሰበ መስሎታል። ሰው ግን መሰላል አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ለቅሶ የደረሰውንና የቀረውን ነው። «ያ ይሄነው የሚሉት ልጅ ለቅሶ አይደርስም» ተባለ። በእኛ አገር ከዚህ የከፋ ስም ያለው ሌባ ብቻ ነው። ይሄነው ይህን አልሰማም፤ የሚነግረው ወዳጅ ቢኖረው ኖሮ መጀመሪያውኑ አይባልም ነበር።

በሁለት ሺህ አሥር መስከረም ከበላይ ትእዛዝ መጣ። ዋይፋይ የሚሰጡት ነጫጭ ሣጥኖች በየሕንፃው ጣሪያ ላይ እንደ ሰሐን ተለጥፈዋል። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ሣጥን ከሰው ስልክና ኮምፒውተር የተቀበለውን በቅርቡ መንገድ ወደ ውጭ ይለቅ ነበር። አሁን ይህ ቀረ ተባለ። እያንዳንዱ ሣጥን ባሕር ዳር ካለው ዳታ ሴንተር ጋር የራሱን ዋሻ እንዲከፍት ታዘዘ፤ ባለሙያዎቹ «ተነል» ይሉታል። ሣጥኑ የተቀበለውን ሁሉ ጠቅልሎ፣ አሽጎ፣ በዋሻው ወደ ባሕር ዳር ይልካል። እዚያ ተፈትቶ፣ ተፈትሾ፣ ከዚያ ወደሚሄድበት ይሄዳል። በመንገድ ማንም አይከፍተውም፤ የትም አይወርድም። ለደህንነቱ ደግ ነገር ነው። ግን የሒሳብ ክፍሉ ሰው ግድግዳ ለሚጋራው የመዝገብ ቤት ሰው አንድ ፋይል ቢልክ፣ ፋይሉ ባሕር ዳር ደርሶ ነው የሚመለሰው።

በዚያኛው ጫፍ ዳታ ሴንተሩን የያዘችው ሶስና የምትባል ባለሙያ ናት። ይሄነው አይቷት አያውቅም። ድምፅዋን ግን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ጉንፋን ሲይዛት ያውቃል፣ ልጇ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ያውቃል። እሷ «እንጅባራ» ትለዋለች፣ እሱ «ባሕር ዳር» ይላታል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲባባሉ ይውላሉ።

«እንጅባራ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሣጥን አልመጣልኝም።»

«አድራሻውን ሰጥቼዋለሁ። እየፈለገሽ ነው፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ነው።»

«ቆይ... አየሁት። ስሙን ስጠኝ። ተቀበልኩት፣ ገባ!»

ሣጥኖቹ ሁሉ ከገቡ በኋላ አንድ ጉድ መጣ። ሰላምታ ያልፋል፣ ፎቶ አያልፍም። አጭር መልእክት ይደርሳል፣ ደብዳቤ ከነአባሪው ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል። ሠራተኛው ጮኸ። ይሄነው ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው እየተንጠላጠለ፣ ስልኩን በትከሻና በጆሮው መካከል ይዞ፣ ከሶስና ጋር ሲፈልግ ሰነበተ።

ነገሩ ኋላ ሲገኝ የከሰል ጆንያ ነገር ነበር። ወደ ዳንግላ ሲኬድ አዲስ ቅዳም ከተማ መንገድ ዳር የተኮለኮለውን ጆንያ ያየ ሰው ይገባዋል። አንዱ ጆንያ በሚኒባሱ በር ልክክ ብሎ ይገባል፤ እንዳያቆሽሽ ብለህ በሌላ ጆንያ ከጠቀለልከው ግን ረዳቱ ቢገፋ ቢገፋ አይገባም። ዋሻውም እያንዳንዱን እሽግ በሌላ እሽግ ይጠቀልላል። ትንሹ ያልፋል፤ እስከ አፉ የተሞላው በመስመሩ በር ላይ ይቀረቀራል። መፍትሔው ገና ሲሞላ አጎደል አድርጎ መሙላት ነው። ይሄነው በዚህ በኩል፣ ሶስና በዚያ በኩል ልኩን ዝቅ አደረጉት።

«አለፈ!» አለች ሶስና። «ፎቶው አለፈ!»

«አለፈ!» አለ ይሄነው፣ መሰላሉ ላይ እንደተቀመጠ፣ እንደ ልጅ እየሳቀ።

ከዚያ ሶስና ልጇን ልትቀበል ስልኩን ዘጋች። ይሄነው ደስታውን ይዞ እዚያው መሰላሉ ላይ ቀረ። የሚነግረው ሰው ፈለገ። አንድ መምህር በሥሩ ሲያልፍ አየና «ኔትወርኩ ተስተካከለ» አለው። «ኧረ ጊዜው ነበር!» አለ ሰውየው፤ ቀና ብሎም ሳያየው ሄደ። ይሄነውን ከፋው። በዚያ ቀን የከፋውን ያህል በሥራው ተሰድቦ እንኳ ከፍቶት አያውቅም።

በዚያ እሑድ ዳንግላ ሲሄድ ግን ስም ይዞ ሄደ።

«ሶስና ትባላለች» አለ፣ ገና ሳይጠየቅ።

እማማ በቀለች ድንች መላጡን አቆሙ። «የማን ልጅ ናት? ቤቷ ከቤትህ ይርቃል?»

«ባሕር ዳር ነው የምትኖረው።»

ዳንግላ ያለችው ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። እማማ በቀለች ይህን ለማወቅ ካርታ አያሻቸውም፤ መንገዱ በደጃቸው ነው የሚያልፈው።

«ቆይ እስቲ» አሉ ቢላዋቸውን ወዲያና ወዲህ እየጠቆሙ። «መርዶዬ ከዚህ ተነሥቶ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ከዚያ ተመልሶ በዚሁ በደጄ አልፎ እንጅባራ ይገባል?»

«የዛሬ ጊዜ አሠራር እንዲያ ነው፣ እማ።»

ማናለብሽ ሳቀች። እማማ በቀለችም ሳቁ፤ ሳቁና ሳል አፈናቸው። ሳሉ ሲለቃቸው ፊታቸው ላይ ሳቅ አልነበረም።

«ልጅቷን አይተሃት ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«በእግሯ መጥታ በርህን ካላንኳኳች ለዚህ ነገር አትሆንም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። ይሄነው፣ የኔ ጌታ፣ ጊዜ የለኝም እኮ።»

ይሄነው ወደ እንጅባራ ተመለሰና ሰው ለመምረጥ ሞከረ። ግን እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? «እናቴ ስትሞት መጥተህ ንገረኝ» አይባል ነገር፤ ሟርት ነው። በሠራተኞች ክበብ ተቀምጦ ሰዉን በዓይኑ ይቃኛል። የክበቡ ባለቤት ዋጋዬ ሳትጠይቀው ሽሮውን ታቀርብለታለች፤ ሳያናግራት በልቶ ይወጣል። ስሟን እንኳ የሚያውቀው ሰው ሁሉ እየጮኸ ስለሚጠራት ነው። ሌሎቹን የሚያውቃቸው በየክፍላቸው ሣጥን ነው። «መዝገብ ቤት» አለች፣ «ቤተ መጻሕፍት» አለ፣ «ሒሳብ ክፍል» አለ። ከእነዚህ ለማንኛቸው ይሄ ይነገራል?

አንድ ቀን የበር ጠባቂው አያ ዓለምነው መንገድ ላይ አቆሙት። ትውልዳቸው ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ነው፣ ከእርሻ ወደ ጥበቃ የገቡ፣ ካፖርታቸው ከእሳቸው የሚከብድ። ልጃቸው ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች፤ በኢሞ እየደወለች ፊቷን ታሳያቸዋለች። ሣጥኖቹ ቦታ ሲቀያየሩ የጥበቃ ቤቱ ዋይፋይ አጣ።

«የልጄ ፊት ቀረብኝ፣ ይሄነው» አሉ።

ይሄነው በማግሥቱ አንድ ትርፍ ሣጥን ይዞ መጣ። ከጥበቃው ቤት ጀርባ ረጅም ቀርቀሃ ተከለ፣ ሣጥኑን ጫፉ ላይ አሰረ፣ ኬብሉን ሳበ፣ ባሕር ዳር ደወለ።

«ይሄ በዕቅዱ ላይ የለም፣ እንጅባራ» አለች ሶስና።

«አውቃለሁ።»

የመክተቢያዋ ድምፅ ተሰማ፤ «ገባ» አለችው።

የልጅቷ ፊት ከቤሩት ተነሥቶ፣ ባሕር ዳር ደርሶ፣ እንጅባራ ጥበቃ ቤት ገባ። አያ ዓለምነው አልቅሰው፣ ስቀው፣ ሊመርቁት ዞር ሲሉ ይሄነው መሰላሉን ተሸክሞ ሄዷል። «ምርቃት እንኳ አይቀበል፣ ምን ዓይነት ሰው ነው!» አሉ።

ኅዳር ላይ፣ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ባደረበት አንድ ጧት፣ ማናለብሽ ደወለች።

«ይሄነው፣ እማ ትንሽ አሟታል። ከቻልክ ብቅ በል።»

ይህች ዓረፍተ ነገር ስንት እናት ቀብራለች! የአገሬ ሰው ሲተረጉማት አይሳሳትም። ለእውነተኛ ትንሽ ሕመም ማን ስልክ ይደውላል?

«ደህና ናት?» አለ ይሄነው።

«ደህና ናት። አንተ ብቻ ና።»

«እስቲ አገናኚኝ።»

«ተኝታለች።»

አለቀ። ሦስቱም ቃል በሥርዓቱ መጣ። ይሄነው ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ በሩ ሄደ። እግሩ ይሄዳል፣ እሱ የለበትም። የኬብል መቁረጫውን በእጁ እንደያዘ ነበር። እናቱ የፈሩት ሁሉ ደረሰ፤ ሰው ሳይኖረው፣ በስልክ፣ ብቻውን ቆሞ ሰማ።

አያ ዓለምነው ፊቱን አዩ። «ወዴት?»

«ዳንግላ። ‹እናትህ ትንሽ አሟታል› ተባልኩ።»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። መቁረጫውን ከእጁ ቀስ ብለው ወሰዱና በርጩማቸውን አቀረቡለት።

«ብቻህን አትሄድም።»

«ግዴለም፣ አያ ዓለምነው...»

«ግዴለም የሚባልበት አይደለም። ተቀመጥ።»

በየቢሮው ዞሩ። «እሱ የማን ለቅሶ ደርሶ ያውቃል?» ያለ ነበር፤ ሐሰትም አልተናገረም። አያ ዓለምነው «እሱ ቀረ ብለን እኛም ከቀረን ታዲያ በምን ተሻልነው?» ብለው መለሱ። አንዳንዱ አፍሮ ተነሣ፣ አንዳንዱ ሥራ አለብኝ አለ። የመጣው ሰው አንዱን ሚኒባስ አልሞላም። ዋጋዬ ክበቧን ዘግታ መጣች። የመዝገብ ቤቷ ሴት፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሰውዬ፣ የሒሳብ ክፍሉ፣ «ጊዜው ነበር» ያለው መምህርም ሳይቀር መጡ። ጥግ ጥጉን ይዘው ተቀመጡ፤ መሐሉ ባዶ ነበር።

ይሄነው መስኮቱ ጋ ተቀምጦ መንገዱን አያየውም። በአዲስ ቅዳም ሲያልፉ ከኋላው አንዷ ስታለቅስ ሰማ። ማን እንደሆነች ስሟን ሊያስብ ሞከረና አጣው። ሰው ለእናቱ ያለቅስለታል፣ እሱ ስሙን አያውቀውም። ይህን ያህል ዘመን ስም ስጠኝ ሲሉት የኖሩት ሴት፣ አሁን ስሙ የሚሰጥ ሰው ሲገኝ የሉም። ያኔ ነው እውነተኛው እንባ የመጣው። ለእናቱ ብቻ አላለቀሰም፤ ለራሱም አለቀሰ።

ዳንግላ እንደ ደረሱ ወደ ቤታቸው የሚያስገባው ቅያስ ላይ ወረዱ። ዋጋዬ የለቅሶ ሰው ናት፤ አይታቸው የማታውቃቸውን ሴት «እናቴን! እናቴን!» ብላ ጀመረችው። ወንዶቹ «ወየው! ወየው!» እያሉ ተከተሉ። ሁለት ሰዎች ይሄነውን በብብቱ ይዘውታል። ጎረቤት ከየቤቱ ወጣ። «በቀለች ሞተች እንዴ? አሁን አይቻት አልነበር?» እያለ ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

የግቢው በር ተከፈተ። እማማ በቀለች፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በራሳቸው እግር ወጡ።

አስቡት። ከእንጅባራ የመጣ፣ የማያውቁት ሰው፣ እያለቀሰ ወደ ደጃቸው ይመጣል። እንጅባራ ውስጥ ያላቸው አንድ ልጅ ነው። እሳቸውም የአገሩ ሰው ናቸውና ሲተረጉሙ አልተሳሳቱም።

«ልጄን!» አሉና ምርኩዛቸው ከእጃቸው ወደቀ። ማናለብሽ ከኋላ ባትይዛቸው እሳቸውም ይከተሉት ነበር። «ልጄን! ብቻውን ሞተብኝ!»

ይሄነው ከኋላ ሆኖ ያን ድምፅ ሰማ። የያዙትን ሁለቱን ሰዎች እንዴት እንደጣላቸው አያውቅም፤ ለቀስተኛውን እየገፋ ወጣ።

«እማ! አለሁ! አለሁ እኮ፣ እማ!»

ተያያዙ። ሁለቱም ሙታቸውን ነበር ያገኙት። እማማ በቀለች ፊቱን፣ ጆሮውን፣ ትከሻውን ይዳብሳሉ፤ ይሄነው እጃቸውን ይስማል። ለቀስተኛው ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ቆሞ ቀረ። ዋጋዬ አፏን በእጇ ይዛ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቅ አሸነፋት፤ የእሷን አይቶ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ።

«ትንሽ አሟታል አልኩህ እኮ!» አለች ማናለብሽ፣ ተቆጥታ።

«እሱ ነዋ!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

«ታዲያ ትንሽ ሲያማት ምን ልበል?»

ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ባዶ ሆዱን አይመለስም፤ ቤት ያፈራው ቀረበ። እማማ በቀለች መደባቸው ላይ አረፍ ብለው እንግዶቻቸውን አንድ በአንድ አዩ። ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ከዚያ ልጃቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

«ከእነዚህ የትኛው ነው?»

«እሷ መዝገብ ቤት ናት» አለ ይሄነው ቀስ ብሎ። «እሱ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ነው፣ ያኛው...»

«ስም፣ ይሄነው። ስም።»

ይሄነው አቀረቀረ። ነገሩ ምን እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም፣ ግን የገባው ገባው።

«ዓለምነው እባላለሁ፣ እናቴ» አሉ ጠባቂው ከጥግ። «የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ነኝ። ቤቱ ከእኔ ቤት በእግር ቅርብ ነው። ለእኔ ይደውሉልኝ።»

እማማ በቀለች በድምፃቸው የአገው ቅላጼ ሰሙ። ከዚያ በአገውኛ የማን ልጅ እንደሆኑ ጠየቋቸው፤ አያ ዓለምነውም በአገውኛ መለሱ። ሁለቱ ረጅም ጨዋታ ያዙ። ይሄነው በመሐላቸው ተቀምጦ ነበር። አባቱ ከወዲያ ጎጃም የመጡ ነጋዴ ነበሩና ልጆቹ በትምህርት እንዳይቸገሩ ብለው ቤት ውስጥ ከአማርኛ በቀር አያስወሩም ነበር፤ ማናለብሽ ገበያ ላይ ለቃቀመችው፣ እሱ ቋንቋው አመለጠው። እናቱ ስሙን ሲጠሩ ይሰማል፤ ከስሙ በፊትና በኋላ ያለውን አይሰማም። አንድ ቦታ ላይ አያ ዓለምነው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ማናለብሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ምን አለች?» አላት ይሄነው።

«አልሰማሁም» አለች።

በመልሱ ጉዞ ሚኒባሱ ሳቅ በሳቅ ነበር። ይሄነው አያ ዓለምነው አጠገብ ተቀምጦ «ምን አለችዎት?» ሲል ጠየቀ።

«የሰጡኝን ተቀብያለሁ። ሌላ አትጠይቀኝ።»

ከዚያ በኋላ ሕይወቱ ተለወጠ ብዬ ባወራ ደስ ባለኝ። ብዙም አልተለወጠም። የሠራተኞቹን ስም አጠና። ለቅሶ ሲኖር መሰላሉን ትቶ ይሄድ ጀመር፤ የሚናገረው ጠፍቶት ከዳር ተቀምጦ ይመለሳል። ሰውም «መጣህ?» ይለዋል፣ ከዚያ ወደየጨዋታው። ማታ ማታ ያው ክፍሉ፣ ያው ጉሙ ነው። እማማ በቀለች ግን ጥያቄያቸውን ተዉት። ድንቹ ይቀርባል፣ «አገኘህ?» የለም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዓለምነው ጤና ይጠይቁታል። ይሄነው የጥያቄው መቅረት ከጥያቄው ይልቅ አስፈራው። እናቱ ጉዳያቸውን ጨርሰዋል።

የካቲት ላይ አንድ ማለዳ ይሄነው ቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ ከመሰላሉ ጫፍ ሆኖ የተበላሸ ሣጥን ይቀይር ነበር። ሶስና በስልኩ ላይ ናት። «አልመጣልኝም፣ እንጅባራ። እስቲ አጥፍተህ አብራው» ትላለች።

ከላይ ሆኖ በመስኩ ላይ የሚመጣ ሰው አየ። አያ ዓለምነው ናቸው፤ ካፖርቱን ሳይሆን ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ዋጋዬ ክዳን ያለው ሳህንና አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዛ አብራቸው አለች። ሌሎቹ አጥሩ ጋ ቆመዋል። ይመር፣ ታንጉት፣ መምህር ሙሉሰው፤ አሁን ሁሉንም በስማቸው ያውቃቸዋል። ይሄነው ስልኩን ዘጋ።

«ውረድ» አሉት አያ ዓለምነው።

ወረደ። መሰላሉ ሥር ካለው ደረጃ ላይ አስቀመጡት። ዋጋዬ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጋ ክዳኑን አነሣች። ትኩስ ፍርፍር ነበር።

«ብላ።»

«አያ ዓለምነው...»

«መጀመሪያ ብላ። ያኔ እናትህ ያዘዙኝ ይህንን ነው። ‹ጧት እህል ሳይቀምስ ነው የሚወጣው። በባዶ ሆዱ እንዳትነግሩት፤ አብሉት፣ ከዚያ ቁጭ እንዳለ ንገሩት› ነው ያሉኝ። ቃል ሰጥቻለሁ።»

ይሄነው አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ሁሉንም አያቸው። ከዚያ ጎረሰ። አኝኮ ዋጠ፣ ደገመ። ዋጋዬ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። አጥሩ ጋ የነበሩት ቀስ እያሉ ቀረቡና በዙሪያው ቆሙ። ሳህኑን ጨረሰ። ሻዩን ጠጣ፣ እስከ መጨረሻው። ብርጭቆውን ለዋጋዬ መለሰላትና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«በላሁ» አለ። «አሁን ይንገሩኝ።»